ከባንክ ወጥቼ አባቴ ወፍጮ ቤት ልግባ ወይ?

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ፣ አምድዎን ያስለመደችኝ እማዬ ናት፣ አሁን ደሞ ለራሴ ልጠይቅ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ስድስት ኪሎ ኤፍቢኢ (የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ) አካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ፣ ከዛ እየሰራሁ በማታ ኤምቢኤ ጨርሼ፣ አሁን አንድ የግል ባንክ ዋና መስሪያ ቤት የኮርፖሬት ብድር ክፍል ሲኒየር አናሊስት ነኝ፣ 7 ዓመት ሆነኝ። ስራዬ ትልልቅ ድርጅቶች ብድር ሲጠይቁ ሂሳባቸውን መመርመር፣ ካሽ ፍሎዋቸውን ማየት፣ ይከፍላሉ አይከፍሉም ብሎ ለኮሚቴ መጻፍ ነው። ደሞዜ ጥሩ ነው፣ ቤትም በሰራተኛ ብድር ገዝቻለሁ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አባዬ ሳሪስ ወፍጮ ቤትና ባልትና ሱቅ አለው። አንዱ ወፍጮ የእህል ነው አንዱ የበርበሬ፣ 9 ሰራተኞች አሉት። አራታችንንም ያስተማረን ያ በርበሬ ነው። አሁን ግን 68 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሳሉ ደሞ በተለይ ፋሲካ ሰሞን በርበሬ ሲበዛ ለሊት ለሊት አያስተኛውም። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው፣ እህቴ ሀዋሳ አስተማሪ ናት፣ ትንሹ ወንድሜ እዛው ሱቁ ውስጥ ይሰራል ግን ደሞዝ የለውም፣ ሲያስፈልገው ከመሳቢያ ያነሳል። ባለፈው አባዬ ጠርቶኝ "ልጄ ነይና ያዢልኝ፣ አንቺ ካልያዝሽው ለሰው ሽጬው ልረፍ" አለኝ። ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ስንት እንደሚያተርፍ ስጠይቀው "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሱ። ስንት ትከፍለኛለህ ስለው ደሞ "ሁሉም የናንተ አይደል እንዴ" ይላል። ጓደኞቼ ኤምቢኤሽን በርበሬ ልታስፈጪበት ነው ወይ ይሉኛል፣ እማዬም በልቧ ባንክ እንድቆይ ነው የምትፈልገው። እኔ ግን የሰው ድርጅት ሂሳብ ሳገላብጥ እየዋልኩ የራሴ አባት ድርጅት ሲዘጋ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ይዤው ነው የቆየሁት፣ ምክንያቱም የኔን ህይወት ነው የጻፍሽልኝ። እኔም 9 ዓመት ባንክ ሰርቼ ነው ወደ እናቴ ሱቅ የገባሁት፣ መርካቶ ድር ተራ። ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሳይሆን የከፈልኩበትን ነው።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ፣ ግቢ። ግን የስራ መልቀቂያሽን ከማስገባትሽ በፊት አባትሽ፣ እናትሽና አራታችሁም ልጆች አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንቺ እዛ ቤት ምን ሆነሽ እንደምትገቢ በወረቀት ላይ ይስፈር። ተቀጣሪ ነሽ? ባለድርሻ ነሽ? ወይስ የምታግዝ ልጅ ነሽ? ይሄ ሶስቱ በጣም የተለያየ ነገር ነው፣ አባትሽ "ሁሉም የናንተ ነው" ሲሉ ከልባቸው ነው፣ እመኚኝ፣ ፍቅር ነው፣ ግን የናንተ ማለት የአራታችሁም የእናታችሁም ማለት ነው፣ አንቺ 10 ዓመት ለፍተሽ ቤቱን እጥፍ ብታደርጊው ያ ትርፍ የማነው የሚለውን ጥያቄ ያ ንግግር አይመልሰውም።

የኔን ልንገርሽ። እናቴ "ልጄ ነሽ ምን ወረቀት ያስፈልግሻል" ብላኝ ገባሁ፣ ደሞዝ የለኝም፣ ውል የለኝም፣ ንግድ ፈቃዱ በሷ ስም። ስድስት ዓመት ሰራሁ። ከዛ በድንገት አረፈች፣ ነፍሷን ይማረውና። በሳልስቱ የባንክ ሂሳቡ አይንቀሳቀስም ተባልን፣ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪሰጥ ድረስ ማለት ነው፣ ክር ያመጡልን ነጋዴዎች ደሞ ገንዘባቸውን ይጠብቃሉ፣ የሰራተኛ ደሞዝ ደርሷል፣ እኔ ከራሴ ቁጠባ እያወጣሁ ከፈልኩ። ወንድሞቼ ሲመጡ "አንቺ እኮ ስድስት ዓመት ስትበዪበት ነበር" አሉኝ። እነሱም አልዋሹም፣ ከመሳቢያ ነበር የምወስደው፣ ስንት እንደወሰድኩ ስንት እንዳመጣሁ የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልነበረኝም። እኔ! የሰው ሂሳብ ስመረምር የኖርኩት! ከወንድሞቼ ጋር 3 ዓመት ሳንነጋገር ቆየን። የእናቴን ተዝካር ለየብቻ ነው ያወጣነው። እስከዛሬ ሳስበው ሆዴን የሚበላኝ ከሱቁ ይልቅ እሱ ነው።

አሁን እዚህ ጋ ትልቁ ችግር ምን መሰለሽ፣ በኛ ቤት አባት በህይወት እያለ ስለ ድርሻ ማውራት እንደ ሟርት ነው የሚቆጠረው፣ "ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው ወይ" ይባላል። ስለዚህ ብቻሽን አትጀምሪው። አባትሽ የሚያከብሩት ሰው ይኖራል፣ የንስሃ አባታቸው ወይ የድሮ የንግድ ጓደኛቸው፣ ንግግሩን እሱ ይክፈተው። አንቺም ስለ ውርስ ሳይሆን ስለ ስራው አውሪ፣ እውነቱም እሱ ነው፣ በአንድ ሰው ስም ያለ ንግድ ያ ሰው ሲታመም አብሮ ይተኛል፣ ፊርማ የለም፣ ቼክ የለም፣ ፈቃድ እድሳት የለም፣ 9ኙ ሰራተኞች ልጆች አሏቸው። አባትሽን ለሰራተኞቻቸው ብለሽ ብታስረጃቸው የሚሰሙሽ ይመስለኛል፣ እንዲህ አይነት ሰዎች ለራሳቸው ብለው የማያደርጉትን ለሰው ብለው ያደርጉታል።

ህጉ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የንግድ ህጋችን ስለ ንግድ ማህበራት የሚለው ክፍል በ2013 በአዲስ ተተክቷል፣ በዚህ በኩል የ1952ቱ ቀርቷል፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለማቋቋም ከ2 እስከ 50 አባል ይበቃል፣ መነሻ ካፒታሉም 15,000 ብር ነው፣ ማለትም ገንዘቡ እንቅፋት አይሆንም። ወፍጮዎቹና ሱቁ ተገምተው በአይነት መዋጮ (በገንዘብ ፋንታ በንብረት ማለት ነው) ይገባሉ፣ አባትሽና እናትሽ ትልቁን ድርሻ ይዘው ይቆያሉ፣ ለልጆች የሚሰጠው ይሰጣል፣ ላንቺ ደሞ በየዓመቱ በስራሽ የምታገኚው ተጨማሪ ድርሻ ካለ ቁጥሩ ይጻፋል። የናትሽን ነገር እንዳትረሺ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ስለሆነ በቤተሰብ ህጉ ግማሹ የሳቸው ነው፣ ብዙ ቤት ይሄ ይዘለልና በኋላ ላይ ነው የሚታወሰው። የቨርጂኒያው ወንድምሽ መምጣት ካልቻለ እዛ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይላክ፣ ስልክ ላይ "እኔ ተስማምቻለሁ" ማለቱ አይበቃም።

ወደ ራስሽ ኪስ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ችላ እንዳትይ። አንደኛ የቤት ብድርሽ። ባንኮች ለሰራተኛ የሚሰጡት ብድር ወለዱ ከደንበኛው በጣም ያነሰ ነው፣ ስትለቂ ግን እንደ ውልሽ ወይ ወደ ደንበኛ ወለድ ይዞራል ወይ ቶሎ ክፈዪ ትባያለሽ። ውሉን ዛሬ ማታ አውጪና አንብቢው። አዲሱን ወርሃዊ ክፍያ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ፣ ያ ቁጥር ከአባትሽ የምትጠይቂው ደሞዝ ወለል ነው፣ ከዛ በታች ከተስማማሽ በስድስት ወር ውስጥ ወይ ቤትሽን ታጪያለሽ ወይ ከመሳቢያ ማንሳት ትጀምሪያለሽ።

ሁለተኛ ጡረታ። አሁን ካንቺ 7 ፐርሰንት ከባንኩ 11 ፐርሰንት እየገባልሽ ነው። የዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ አንቺ 7 ላይ ነሽ። የአባትሽ ቤት ሰራተኛ ሆነሽ ካልተመዘገብሽ እዛው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ተመዝገቢ፣ ትንሹንም ወንድምሽን አስመዝግቢው፣ ለሱ ደሞ ደሞዝ ይቆረጥለት እባክሽ፣ ያ ልጅ ስንት ዓመት እንደሰራ ማንም አልቆጠረለትም፣ አንቺ በዲግሪሽ ማኔጀር ሆነሽ ስትገቢ ምን እንደሚሰማው አስበሽ ታውቂያለሽ? ከስብሰባው በፊት መጀመሪያ እሱን ብቻውን ምሳ ጋብዢውና አዋሪው።

ሶስተኛ አለቃቀቅ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ትወጫለሽ። 5 ዓመት ያገለገለ ሰው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የስንብት ክፍያ የሚያስገኝ አንቀጽም አለው፣ የስልጠና ግዴታ ፈርመሽ ካልሆነ። ባንኮች ስልጠና ሲልኩ ግዴታ ስለሚያስፈርሙ ፋይልሽን እዪው። ሂሳባቸውን ሰኔ ላይ ዘግተው ቦነስ የሚሰጡ ከሆነም እሱን ሳትቀበዪ አትውጪ፣ የለፋሽበት ነው። ስትወጪ ደሞ በሰላም ውጪ፣ ነገ አባትሽ ቤት ብድር ሲፈልግ ያው ጠረጴዛ ማዶ ትቀመጫለሽ።

አሁን ስለ ስራው። አባትሽ ትርፋቸውን የማይነግሩሽ የደበቁሽ እንዳይመስልሽ፣ ላያውቁት ይችላሉ፣ ቤቱ ግን እየኖረ ነው፣ ያ እንዴት እንደሆነ መረዳት ነው የመጀመሪያ ስራሽ። ባንክ ቁጭ ብለሽ አንድ ነጋዴ ፋይሉ ሲመጣልሽ የምትጠይቂውን ጥያቄ ለራስሽ ቤት ጠይቂ። ገንዘቡ መቼ ይወጣል መቼ ይገባል? የበርበሬ ነገር ታውቂዋለሽ፣ የማረቆውም የአላባውም ዛላ ከመኸር በኋላ ነው በብዛት የሚገባው፣ አባትሽ ያኔ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ዛላ ይገዛሉ፣ ከዛ እስከ ፋሲካ ድረስ "እጄ ላይ ምንም የለም" ይላሉ። አንቺ ልጅ ሆነሽ ይሄን ችግር ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ችግር አይደለም፣ ገንዘቡ ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ መጋዘን ተቀምጧል። ሁዳዴ ሲገባ ሽሮው ይንቀሳቀሳል፣ በዓል ሲደርስ በርበሬው ያልቃል፣ ክረምት ላይ ደሞ ማድረቂያ ፀሐይ የለም። ይሄን ዑደት በወር በወር አንድ ገጽ ላይ ካሰፈርሽው አባትሽ ራሳቸው ገርሟቸው ነው የሚያዩት፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ነውና የጻፍሽላቸው።

እና ሚዛኑ ጋ ቁጭ በይ። ለማስላት ያህል፣ 100 ኪሎ ዛላ በ40,000 ብር ተገዛ እንበል። ተቀንጥሶ፣ ግንጣዩ ወጥቶ፣ ደርቆ 80 ኪሎ ከቀረ አንድ ኪሎው 400 መሆኑ ቀርቶ 500 ብር ሆኗል፣ ያውም ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ የደላዦቹ ክፍያ፣ መብራቱ ሳይቆጠር። ብዙ ባልትና ቤት ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤት ስንት ይሸጣል ብሎ ነው። በናንተ ቤት 80 ነው ወይስ 70 የሚቀረው? የማረቆውና የሌላው ቦታ ዛላ እኩል ይጎድላል ወይ? ይሄን መዝኖ የመዘገበ ሰው እስካሁን ያለ አይመስለኝም። አንቺ መዝግቢው። ኤምቢኤሽን በርበሬ ልታስፈጪበት ነው ላሉሽ ጓደኞችሽ ይሄን ንገሪያቸው፣ ባንክ እያለሽ የሰው ወረቀት ላይ የምታዪው ቁጥር እዚህ በእጅሽ የሚመዘን ነው።

አንድ ስህተቴን ግን እንዳትደግሚው። እኔ ድር ተራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ዱቤ የሚወስድ ሰው ሁሉ ይፈርም ብዬ ፎርም አዘጋጀሁ። አንድ ከእናቴ ጋር 20 ዓመት የሰሩ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩ፣ ወረቀቱን ሳቀርብላቸው ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዛ ከጋቢያቸው ስር ገንዘብ አውጥተው ያለባቸውን ዱቤ በሙሉ እዛው ቆጥረው ከፈሉ፣ "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን አልመጡም። እናቴ ሰደበችኝ ብል ውሸት ነው፣ ምንም አላለችኝም፣ ያ ነው የከበደኝ። በኋላ ሲገባኝ እናቴ ያለ መመዝገቢያ አልነበረም የምታበድረው፣ ሰውየው ዕቁባቸው መቼ እንደሚደርሳቸው፣ ልጃቸው መቼ እንደምትዳር፣ የገጠር ደንበኞቻቸው መቼ እንደሚከፍሏቸው ታውቅ ነበር። እኛ ባንክ ላይ የብድር ግምገማ የምንለው ነገር ነው እኮ፣ የሷ ግን በቡና ሰዓት ነበር የሚሰራው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ዱቤውን አትንኪው፣ አባትሽ ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ማታ ማታ ለራስሽ ጻፊው።

ወዲያው ልትቀይሪው የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የቤት ገንዘብና የሱቅ ገንዘብ ከነገ ጀምሮ ይለይ፣ ለአባትሽም ለእናትሽም ወርሃዊ ይቆረጥላቸው፣ መሳቢያው የሱቅ ይሁን። ሁለተኛው ብናኙ ነው። የአባትሽ ሳል ከበርበሬው ነው አይደለም የሚለውን ሐኪም ይመርምራቸው፣ አንቺ ግን የበርበሬው ወፍጮ ያለበት ክፍል አየር ማስወጫ ይሰራለት፣ ለሰራተኞቹም በነጠላ አፍንጫ መሸፈን ቀርቶ ደህና ማስክ ይገዛላቸው። ይሄን ለመወሰን ስድስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም።

ብድር ደሞ፣ ወፍጮ ልቀይር፣ ማሸጊያ ማሽን ልግዛ ብለሽ በመጀመሪያው ዓመት እንዳትቸኩዪ። በ2015 መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር እድገት በ14 ፐርሰንት ሲገድብ ስንት ደህና ደንበኛ ፋይሉ ተሟልቶ እንደቆመ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደሞ ማሽን በሉት ፕላስቲክ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ አይተሻል። ወንድምሽ ቨርጂኒያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ እዛ ያለ ሐበሻ የሀገር ቤት በርበሬና ሽሮ ይፈልጋል፣ ግን በሻንጣ መላክና ኤክስፖርት ማድረግ የተለያየ ዓለም ነው፣ የእርጥበት መጠን፣ የሻጋታ መርዝ ምርመራ፣ የማሸጊያ ጽሁፍ ይጠየቃል። መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ በርበሬ እዛ ሊወድቅ ይችላል። ማስጫውን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ እሱ ከኤክስፖርቱም በፊት ለሀገር ቤት ደንበኛችሁ ይጠቅማል።

መቼ ልውጣ ብትዪኝ፣ የዓመት ፈቃድሽን ሳትነኪ አቆዪውና ህዳር ላይ አውጪው፣ ህጉ ለመጀመሪያ ዓመት 16 የስራ ቀን ነው የሚለው፣ ባንቺ 7 ዓመት ከዛም ይበልጣል። ከአባትሽ ጋር ዛላ ግዢ ሂጂ። ሲመርጡ እዪያቸው፣ እጃቸውን ማዳበሪያው ውስጥ ከተው ከስር ሲያወጡ፣ ዛላውን ነቅንቀው ፍሬው ሲንኳኳ ሲሰሙ፣ ሰብረው ሲያሸቱ። ያ እውቀት የትም አልተጻፈም፣ 68 ዓመታቸው ነው እህቴ። ከዛ ተመልሰሽ ስብሰባውን ጥሪ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ውልና ማስረጃ ከገባ በኋላ ማስጠንቀቂያሽን ስጪ።

ጥያቄ፦

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። ልጄ ባንክ ሰርቶ ከአራት ወር በፊት የግንባታ ዕቃ መደብሬ ገባ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን በየቀኑ እንጣላለን። ሁሉም ነገር በደረሰኝ፣ ሁሉም ክፍያ በባንክና በቴሌብር ይሁን አለ፣ ሁለት የድሮ ሰራተኞቼንም ላሰናብት ይላል። ሱቁ የኔ ነው ወይስ የሱ?

መልስ፦

አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሱቁ የርስዎ ነው። በደረሰኙ ግን ልጅዎ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ አልደግፍዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በ2017 መርካቶ ላይ በደረሰኝ ጉዳይ የሆነውን አይተዋል፣ ያለ ደረሰኝ መሸጥ የሚያስከትለው ቅጣት የአንድ ወር ትርፍዎን ጠራርጎ የሚወስድ ነው፣ ልጅዎ እሱን ነው የፈራልዎት። ክፍያው በባንክ ማለፉም ነገ ብድር ቢጠይቁ ሽያጭዎን የሚያሳይልዎት እሱ ስለሆነ ነው።

በሰራተኞቹ ግን እርስዎ ልክ ነዎት። ሚስማርና ቆርቆሮ ሲጎድል ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ አራት ወር የሰራ ልጅ ያን ገና አላየውም። ይሄን ሲነግሩት ግን ደንበኛ ፊት አይሁን፣ እሱም እርስዎን ደንበኛ ፊት እንዳያርምዎ ይስማሙ። እና አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ለሱ ይልቀቁለት፣ ለምሳሌ የቀለሙን ክፍል፣ ግዢውም ሽያጩም ዋጋውም የሱ ይሁን፣ ሰኔ 30 ላይ ቆጠራውን አብራችሁ ቁጠሩ። እስከዛ ድረስ ገብተው አይንኩበት፣ ቢሳሳትም።